«ዳግም ነው ወይ?»

የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ በስጦታ የሰጠው ጠርሙስ ማዕድ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ሦስት ወር ያህል ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቴ ከቢራ አያልፍም፤ እኔም እንግዳ ካልመጣ በቀር ውስኪ አልከፍትም። ጠርሙሱ ግን ያምራል። ጠፍጣፋና ደረተ ሰፊ ነው፤ መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ውስጡ ያለው ፈሳሽ የጥቁር ማር መልክ አለው።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ የፋሲካ ሰሞን፣ እንግዶች መጡና ጠርሙሱ ተከፈተ። እንግዶቹን ሸኝተን ብርጭቆ ስሰበስብ እናቴ አንዱን አንሥታ አሸተተችው። ከሥር የቀረችውን ጠብታ መዳፏ ላይ አንጠባጠበች፤ ሁለት እጇን አሻሸች፤ እንደገና አሸተተች።

«ዳግም ነው ወይ?» አለችኝ።

ውጭ አገር ተወልደው ላደጉ ልጆቻችን ላስረዳ። አረቄ አንድ ጊዜ ወጥቶ፣ እንደገና ወደ ማሰሮው ተመልሶ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ «ዳግም» ይባላል። ከመጀመሪያው የጠራና የበረታ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። እናቴ ይህን የምታውቀው ከሰው ሰምታ አይደለም። እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ያሳደገችን አረቄ አውጥታ ነው።

ጠርሙሱን አዙሬ የተጻፈውን አነበብኩላት። ዉድፎርድ ሪዘርቭ፣ ደብል ኦክድ፣ የኬንታኪ በርበን ውስኪ። «ደብል» የተባለው ሁለት ጊዜ በመውጣቱ ሳይሆን ሁለት ጊዜ በርሜል በመግባቱ ነው። አንድ አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ከበሰለ በኋላ ወደ ሌላ፣ እሱም አዲስ ወደሆነ በርሜል ይገለበጣል።

«እንግዲያውማ ዳግም ነው» አለች። «በእሳት መድገም ሲገባቸው በእንጨት ደገሙት እንጂ።»

ይህን ብላ ልትተኛ ሄደች። እኔ ስልኬን አውጥቼ ካርታ ማየት ጀመርኩ። የሚሠራበት ቦታ ከቤታችን በመኪና የሦስት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው።

አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። በልጅነቴ «የአረቄ ሻጯ ልጅ» መባልን ያህል የምጠላው ነገር አልነበረም። ቤታችን አንድ ክፍል ነበር። ከመጋረጃው ወዲህ ደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በመለኪያ ይጠጣሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ እኛ የቤት ሥራችንን እንሠራለን። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቀን ሥራ የሚሄዱ ሰዎች በራችንን አንኳኩተው፣ ቆመው አንድ መለኪያ ጨልጠው ያልፋሉ። የድፍድፉ ሽታ የትምህርት ቤት ልብሴ ውስጥ ስለገባ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ ነበር የምቀመጠው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ እናቴ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቁኝ «ነጋዴ ናት» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ስለዚህ በማግስቱ «እማዬ፣ ይሄ ውስኪ የሚወጣበት ቦታ ልውሰድሽ?» ስላት ምን እንደምትል እርግጠኛ አልነበርኩም።

«ለሰው ያሳያሉ እንዴ?»

«አዎ፤ ቲኬት ይቆረጣል።»

«አረቄ ሲወጣ ለማየት ነው ገንዘብ የሚከፈለው?» አለችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ እኮ እናቴ እንዲህ ስትስቅ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ጎረቤት ዘንድ ትተን ሦስታችን ተነሣን። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም፤ እማዬም የምታመካኝበት አልነበራትም። ባለቤቴ መሪውን ጨብጦ «እኔ ዛሬ ሹፌር ነኝ፤ ቀማሾቹ እናንተ ናችሁ» አለ። ወደዚህ ዓይነት ቦታ ለመሄድ የምታስቡ አንባቢዎች የሹፌሩን ጉዳይ ከቤት ሳትወጡ ጨርሱት።

ሲንሲናቲ ላይ የኦሃዮን ወንዝ ሲሻገሩ ኬንታኪ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አውራ ጎዳና እንደማንኛውም የአሜሪካ አውራ ጎዳና ነው። ሌክሲንግተን ሲቃረብ ግን መሬቱ ይለወጣል። ለስለስ ያሉ አረንጓዴ ኮረብቶች፣ ማለቂያ የሌለው ጥቁር ቀለም የተቀባ የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ውርንጭሎቻቸውን ያስከተሉ ባዝራዎች። እናቴ የሰሜን ሸዋ ሰው ናት፤ ፈረስ ታውቃለች። «አይ ሲያምሩ! ማን ነው የሚጋልባቸው?» አለች። በየዓመቱ በግንቦት መጀመሪያ ሉዊቪል ላይ ስለሚደረገው፣ ከ1875 ጀምሮ ስላለው የኬንታኪ ደርቢ ነገርኳት። ሁለት ደቂቃ ያህል ለሚፈጅ ሩጫ ያ ሁሉ አጥርና ሣር መሆኑ አልገባትም፤ እኔም ብዙ አላስረዳሁም።

የአገሩ ሰዎች የፈረሱም የውስኪውም ምስጢር አንድ ነው ይላሉ፤ ከሥር የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ። ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ይወጣል፤ የውስኪን መልክና ጣዕም የሚያበላሸው ብረት ግን እዚያው ይቀራል። ያው ካልሲየም በሣሩ በኩል ወደ ፈረሱ አጥንት ይገባል።

ማምረቻው አጠገብ ያለችው ትንሽ ከተማ ስሟ እንደ ፈረንሳዩ ቤተ መንግሥት ይጻፋል። እኔም ተምሬ የለ፣ ቡና የምትቀዳልኝን ልጅ «ከቨርሳይ በየት በኩል ነው መውጫው?» አልኳት። ፈገግ ብላ «ቨርሴልስ ነው የምንላት» አለችኝ። ከዚያ መንገዱ እየጠበበ፣ በዛፍ እየተሸፈነ ወደ አንድ ሸለቆ ይወርዳል። ከታች ጅረት አለ፤ ከጅረቱ ዳር በግራጫ የኖራ ድንጋይ የተሠሩ አሮጌ ሕንፃዎች ቆመዋል። አንደኛው ነገር ዓይን የሚገባው ጥቁረታቸው ነው። የግድግዳው ጠርዝና የዛፎቹ ግንድ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። ከበርሜሎቹ በሚተነው አልኮል የሚኖር ሻጋታ ነው አሉን። እማዬ ለማብራሪያው ግድ አልሰጣትም። ግድግዳውን በጣቷ ነካ አድርጋ «የአረቄ ቤት ግድግዳ የትም አንድ ነው» አለች።

በዚህ ሸለቆ ውስኪ ማውጣት የጀመረው ኤላይጃ ፔፐር የተባለ ገበሬ ሲሆን ጊዜውም 1812 ነው። ልጁ ኦስካር ፔፐር ሥራውን አስፋፋ፤ ጄምስ ክሮው የተባለ ሕክምናና ኬሚስትሪ የተማረ የስኮትላንድ ሰውም ቀጠረ። ክሮው በየጊዜው በግምት ይሠራ የነበረውን ነገር በልኬት አደረገው። ስሙ በተለይ የሚነሣው «ሳወር ማሽ» በሚባለው ዘዴ ነው፤ ካለፈው ጊዜ ከወጣው ድፍድፍ የቀረውን ቅራሪ በአዲሱ ላይ መጨመር። ይህን ለእማዬ ሳስተረጉምላት «እርሾ ነዋ!» አለች። እርሾ እንኳ አይደለም፤ ቅራሪው ስለፈላ ሕይወት የለውም፤ የሚፈለገው ኮምጣጤነቱ ነው፤ አዲሱን ድፍድፍ ከክፉ ተህዋሲያን ይጠብቃል፣ ጣዕሙም ከዛሬ ነገ እንዳይለያይ ያደርጋል። ሐሳቡ ግን የሊጥ ቡሃቃን ሙልጭ አድርጎ ያለማጠብ ሐሳብ ነው።

ፔፐሮች እንደ ዘመኑ የኬንታኪ ባለርስቶች ባሪያዎች ነበሯቸው። በዚህ ሸለቆ ውሃ የቀዳው፣ በቆሎ የፈጨው፣ ሌሊት እሳት የጠበቀው ማን እንደሆነ መገመት ይቻላል። የክሮው ስም ይታወቃል፤ የእነሱ ግን የትኛውም ጠርሙስ ላይ የለም። ይህንንም ለእማዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ቆይታ ከቆይታ «ሴቶችም ይኖሩበታል» አለች።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። የመጀመሪያው ትልቅ በር ሲከፈት አስጎብኛችን ገና አፏን ሳትከፍት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ድፍድፍ!» አለች ጮክ ብላ። አብረውን የነበሩት ፈረንጆች ዘወር አሉ። እውነቷን ነው። ከቁመቴ በላይ የሆኑ ሰፋፊ የእንጨት ጋኖች ቆመዋል፤ ውስጣቸው ቢጫ ነገር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ያ በልጅነቴ ከልብሴ ላይ አልለቅ ያለው ሽታ ነበር፤ የሚኮመጥጥ፣ የሚሞቅ፣ ዳቦም ቢራም የሚመስል። እዚህ ቲኬት ቆርጠው የገቡ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቡታል። እኔም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሸማቀቅ ሳብኩት።

«ምንድን ነው እህሉ?» ብላ ጠየቀች። 72 በመቶ በቆሎ፣ 18 በመቶ ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድ፣ 10 በመቶ የገብስ ብቅል። በርበን ለመባል በቆሎው ከ51 በመቶ ማነስ እንደሌለበት ሕግ አለ። «ጌሾውስ?» ጌሾ የለም፤ የተዘጋጀ እርሾ ነው የሚጨመረው። ይህ ትንሽ ቅር አሰኛት። እስከ ማታ ድረስ «ያለ ጌሾ!» ትል ነበር ለብቻዋ።

ቀጥሎ ያለው አዳራሽ ሦስት ግዙፍ የመዳብ ጋኖች የቆሙበት ነው፤ አንገታቸው እንደ ዝይ የተቆለመመ፣ ሰውነታቸው የሚያበራ። ከስኮትላንድ የመጡ ናቸው። ፈሳሹ ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ ሦስት ጊዜ ይወጣል። መዳብ የተመረጠው ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ መጥፎ ሽታ የሚሰጡ የድኝ ውህዶችን ይዞ ያስቀራል። እውነቱን ለመናገር ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ ድርጅቱ ሉዊቪል ላይ ካለው ሌላ ማምረቻው ከሚያወጣው ጋር ይዋሐዳል። እናቴ የሸክላ ማሰሮዋን፣ በጭቃ የመረገችውን ክዳን፣ የሸምበቆ ቱቦዋን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የምትነክረውን መቀበያ አስባ ነው መሰል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች በየቱ ገብቶ በየት እንደሚወጣ በጣቷ ተከተለች። «ሥራው አንድ ነው» አለች በመጨረሻ። «ውሃውን እኔ ነበርኩ የምቀይረው፤ እዚህ ራሱ ይቀየራል።»

ስለ በርሜሉ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ መጠጥ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ከመዳቡ ጋን የሚወጣው ፈሳሽ እንደ አረቄ የጠራ ነጭ ነው። ማርማ መልኩ፣ ቫኒላው፣ የተቃጠለ ስኳር ጣዕሙ በሙሉ ከእንጨት የሚመጣ ነው። ሕጉ በርበን አዲስና ውስጡ በእሳት የተለበለበ የኦክ ዕቃ ውስጥ እንዲቆይ ያዛል። አንዱ በርሜል 200 ሊትር ያህል ይይዛል። በርሜሎቹ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በሐዲድ ላይ ይንከባለላሉ፤ ከዚያ በድንጋይ መጋዘን ተደርድረው ዓመታት ይቀመጣሉ። ሲሞቅ ፈሳሹ ወደ እንጨቱ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ የእንጨቱን ጣዕም ይዞ ይመለሳል። በዚህ መሀል የሚተነው «የመላእክት ድርሻ» ይባላል። እማዬ ይህን ስትሰማ አማተበች። «መልአክ አረቄ ምን ያደርግለታል?»

በርሜል በእሳት መለብለቡ ግን አላስደነቃትም። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ ጠላው ጠላ እንደማይሆን ከማንም በላይ ታውቃለች። ያስደነቃት ሁለተኛው በርሜል ነው። የመጀመሪያው በርሜል ውስጡ ከሰል እስኪሆን ይለበለባል። ለደብል ኦክድ የሚዘጋጀው ሁለተኛው ግን በዝግታ ለረጅም ጊዜ ይጠበሳል፤ ነበልባሉ የሚነካው በመጨረሻ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ልዩነቱ ቡና የሚቆላ ሰው ይገባዋል። ብረት ምጣዱ ከመጠን በላይ ሲግል ቡናው ከላይ ይከስላል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ በዝግታ ሲቆላ ግን እስከ ውስጡ ይበስላል። እንጨቱም እንዲሁ ነው፤ በዝግታ ሲጠበስ ውስጡ ያለው ስኳርና የቫኒላ ሽታ የሚሰጠው ነገር ይላቀቃል። የበሰለው ውስኪ እዚያ ውስጥ ለወራት ይተኛል። ይህ መጠጥ ለገበያ የቀረበው በ2012 ነው፤ ዛሬ ሌሎችም ድርጅቶች የየራሳቸውን ሁለት በርሜል ያወጣሉ።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ለቅምሻ አስቀመጡን። ብርጭቆ ውስጥ የተቀዳው ከአንድ ጣት አይበልጥም፤ አጠገቡ ውሃ አለ። እማዬ ብርጭቆዋን እያሽከረከረች ከመጠጡ ይልቅ ሰዎቹን ታይ ነበር። እኔ ግን በሰው መሀል በሚገባ መቅመስ አልቻልኩም። ከሱቁ ሁለት ጠርሙስ ገዛን፤ መደበኛውን ዉድፎርድና ደብል ኦክዱን። ደብል ኦክዱ ወደ 60 ዶላር ነው፤ ከወንድሙ በ20 ዶላር ገደማ ይበልጣል።

ማታ ሌክሲንግተን፣ የሆቴላችን ክፍል ውስጥ፣ ባለቤቴ ኳስ እያየ እኔና እናቴ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ማወዳደሩ ፍትሐዊ የሚሆነው ሁለቱም እኩል 45.2 በመቶ አልኮል ስላላቸው ነው። እህሉ አንድ፣ ጥንካሬው አንድ፤ የሚለያያቸው ሁለተኛው እንጨት ብቻ።

መልክ፦ መደበኛው የነጭ ሻይ ዓይነት ቡናማ ነው ልል ነበር፤ አይደለም፤ ወተት የሌለው ቀጠን ያለ ሻይ ነው። ደብል ኦክዱ ቆይቶ የጠቆረ ሻይ ነው።

ሽታው ላይ ነው ልዩነቱ የሚጀምረው። መደበኛውን ሳሸት መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ መጣልኝ፤ ቀጥሎ የሚያስነጥስ ቅመም፣ ከሥሩ እሸት በቆሎ። ደብል ኦክዱ በቆሎውን ቀብሮታል። ድስት ላይ ቡናማ እስኪሆን የቀለጠ ስኳር፣ ዘቢብ፣ የድፎ ዳቦ ቅርፊት፣ ትንሽ ቅርንፉድ። አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ አልከተትኩም፤ ከንፈሬን ከፈት አድርጌ ከላይ ነው ያሸተትኩት፤ አለዚያ አልኮሉ ብቻውን ይመታል።

አፍ ላይ ደብል ኦክዱ ወፈር ይላል፣ ምላስን ይሸፍናል። ጥቁር ቸኮሌት፣ ማር፣ የበሰለ ፖም። መደበኛው ቀጥ ብሎ መጥቶ በቅመም ነክሶ ይሄዳል፤ ይኸኛው አይሄድም። ከዋጥኩት በኋላ ከአንድ ደቂቃ በላይ ጣፋጭነቱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ በመጨረሻ እንደቆየ ሻይ ያለ የእንጨት ምሬት ይመጣል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ስጨምር መደበኛው ተከፈተ፤ አበባ አበባ አለ። ደብል ኦክዱ ግን ውሃውን አልወደደም፤ መሀሉ ሳሳ፣ ጣፋጩ ብቻ ጎልቶ ቀረ። ያለ ውሃና ያለ በረዶ ይሻለዋል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ጥሩ መጠጥ ነው፤ ለውስኪ አዲስ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚቀል መግቢያ የለም። ነገር ግን ከምግብ በኋላ፣ በአንድ መለኪያ የሚበቃ ነው። ሁለተኛውን ስቀዳ ሰልችቶኝ ነበር። ከክትፎ ወይም ከጥብስ ጋር ለሚፈልግ ሰው መደበኛውን ይግዛ፤ 20 ዶላሩም ይተርፈዋል።

እናቴ በሌላ መንገድ ነው የፈረደችው። ከሁለቱም ጠብታ ጠብታ መዳፏ ላይ አድርጋ አሻሸች፤ አልኮሉ እስኪተን ጠበቀች፤ ከዚያ የቀኙን መዳፍ አሸተተች፣ የግራውን አሸተተች። በምላሷ የነካችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ንጹሕ ነው፤ አላሳረሩትም» አለች። ድፍድፍ ማሰሮው ሥር ሲያርር አረቄው ላይ የሚቀረውን ሽታ ማለቷ ነው። ቀጥላ መደበኛውን በአገጯ እያመለከተች «ይሄ እህሉን ይነግርሻል። ያኛው እንጨቱን ነው የሚነግርሽ» አለች።

«የቱ ይሻላል ታዲያ?»

«ለሽያጭ ያኛው። ለሰው ይሄ።»

ባለቤቴ ኳሱን እያየ ሳቀ። ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። ቆይቶ እማዬ «አይተሻል?» አለችኝ። «በጣት ልክ ነው የሚቀዱት። ከዚያ ውሃ ይሰጡሻል። ከዚያ ደጅ ድረስ ይሸኙሻል።»

«አዎ።»

«እንጨት የሚፈልጠውን ሰውዬ ታስታውሺዋለሽ?»

አስታወስኩት። ረጅም፣ ካፖርቱ የተቀደደ ሰው ነበር። ከመጋረጃው ሥር እጁን እያስገባ ቆሎ ይሰጠን ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እያለሁ፣ በኅዳር፣ አንድ ጠዋት ከቤታችን ትንሽ ወረድ ብሎ ቦይ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ሰው ሁሉ ብርድ ገደለው አለ።

«ከእኔ ቤት ነበር የወጣው» አለች። «አራተኛዋን መለኪያ ሲጠይቀኝ አየሁት፤ ዓይኑ ሄዷል። ግባና ተኛ ማለት ነበረብኝ። ስሙኒውን ተቀበልኩና ቀዳሁለት።»

እናቴ አረቄ ማውጣት ያቆመችው በዚያው ወር ነው። ማሰሮውን ሰብራ፣ ምጣድ ጥዳ እንጀራ መሸጥ ጀመረች። ያኔ እኔ ስለ ልብሴ ሽታ አልቅሼባት ስለነበር ለእኔ ብላ ያቆመች መስሎኝ ነበር። እስከዚያች ማታ ድረስ እንደዚያ ነበር የማምነው፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

«አንቺ ባትሸጪለት ሌላ ቤት ይጠጣ ነበር እኮ፣ እማዬ» አልኳት። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው።

«ሌላ ቤት ጠጥቶ ቢሆን የሌላ ሰው ነበር» አለች። ትንሽ ቆየችና «በዚያችው ስሙኒ ደግሞ ለአንቺ ደብተር ገዛሁ» ብላ ጨመረች። አላለቀሰችም። ሒሳብ እንደምትናገር ሰው ነበር የተናገረችው።

ባለቤቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሶ ነበር። እኔ እጇን ያዝኩ፤ መዳፏ አሁንም ውስኪ ውስኪ ይሸታል።

ከዚያ ተነሣች። በልማድ የቀዳሁላትና ያልነካችው ሁለተኛው ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንሥታ ከጠርሙሱ አፍ ጋር አገናኘችውና አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ወደ ውስጥ መለሰችው። አፉን በአውራ ጣቷ ጠረገች፣ ክዳኑን ጠቅ አድርጋ ዘጋች፤ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየችው።

«አሥራ ሰባት መለኪያ ቀርቶታል» አለች።